ለእያንዳንዱ ልጅ የሥራ ድርሻ፦ በትልቅ ትምህርት ቤት ክበብ ስይዝ ያየሁት

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከማስተማሩ ጎን ለዓመታት የክበብ ተጠሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ሚኒ ሚዲያ ያዝኩ፤ ቀጥሎ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ «ይህን ክበብ አንተ ያዝ» ተብሎ ደብዳቤ ለተሰጠው መምህር ነው። 9ኛ ክፍል ገብታ፣ ማንንም ሳታውቅ፣ የቱ ክበብ ልግባ እያለች ለምታስብ ተማሪም ነው።

ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጅ በቀላሉ ይጠፋል። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ሰባ ሆነው ይቀመጣሉ። መምህሩ በቀን አራት አምስት ክፍል ይገባል። የሁሉንም ስም ይዞ አይዘልቀውም። አራት ዓመት ተምሮ አንድም መምህር በስሙ ሳይጠራው የሚወጣ ልጅ አለ። ረባሹ ይታወቃል፤ ጎበዙም ይታወቃል። መሃል ላይ ያለው ግን አይታወቅም። ለእኔ የክበብ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ልጁን የሚያውቀው፣ ሲቀር «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዲኖረው ያደርጋል። ክህሎቱም ሰርተፍኬቱም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ብዙ ክበብ ግን ይህን ሳያደርግ ዓመቱ ያልቃል። ነገሩ የሚበላሸው ከምዝገባው ነው።

ጥቅምት ሲገባ የክበባት ዝርዝር ይወጣል። ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ ፀረ ኤድስ፣ ሥርዓተ ፆታ፣ ሥነ ምግባር፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ትራፊክ፣ ኪነ ጥበብ፣ እንግሊዝኛ፣ ስፖርት። የክፍል አለቃው ወረቀት ይዞ ይዞራል። ሁሉም ደስ ያለው ላይ ስሙን ያስጽፋል። በሳምንት ውስጥ አንድ ክበብ ሁለት መቶ አባል ይኖረዋል። መጀመሪያው ስብሰባ ላይ ክፍሉ ጢም ይላል፤ በመስኮት የሚያይም አለ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። ቃለ ጉባኤ ይያዛል። የቀሩት ልጆች «እኛስ ምን እንሥራ?» ይላሉ። «እንጠራችኋለን» ይባላሉ። የሚጠራቸው የለም። ኅዳር ላይ ከዚያ ሁሉ ልጅ አሥር ያህሉ ይቀራል። ዕቅዱና ሪፖርቱ ፋይል ውስጥ አለ፤ ሱፐርቪዥን ሲመጣ ይታያል። ልጆቹ ግን የሉም።

እኛ ያደረግነው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ስም ከመጻፋችን በፊት ሥራውን ጻፍን። ሚኒ ሚዲያ በሳምንት ምን ይሠራል? ዜና የሚሰበስብ አለ፣ የሚጽፍ አለ፣ የሚያርም አለ፣ የሚያነብ አለ። ሞንታርቦውን የሚያወጣና የሚያስገባ፣ ገመዱን የሚጠቀልል፣ ቁልፍ የሚይዝ አለ። የአስተያየት ሳጥኑን የሚከፍት፣ ዘፈን የሚመርጥ፣ የተላለፈውን ፕሮግራም በደብተር የሚመዘግብ አለ። ሁሉንም በወረቀት ዘርዝረን ለጠፍነው። ልጆች ስማቸውን ያሰፈሩት ከሥራው ፊት ለፊት ነው። ሥራው ሲሞላ ምዝገባው ተዘጋ። የተረፉትን በተራ ጠባቂነት ጻፍናቸው፤ ቦታ ሲለቀቅ ጠራናቸው።

አባል የመቀነስ ነገር መጀመሪያ አስተዳደሩን አላስደሰተም። ሪፖርት ላይ ሁለት መቶ ያምራል፣ አርባ አያምርም። እኔ ግን አርባ ሥራ ያለው ልጅ ሁለት መቶ ስም ካለበት ወረቀት ይሻላል ብዬ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ። ሥራ ያለው ልጅ ሲቀር ሥራው ይጎድላል፤ ሥራው ሲጎድል ይፈለጋል። የሚፈለግ ልጅ ደግሞ ይመጣል።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችን። ከገጠር መጥታ ከእህቷ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ስትመዘገብ «ቲቸር፣ እኔ ማይክ ፊት አልቆምም፤ ሌላ ሥራ ካለ ይስጡኝ» አለችኝ። የአስተያየት ሳጥኑን ሰጠናት። በሳምንት አንዴ ከፍታ፣ ወረቀቶቹን አንብባ፣ በርእስ በርእስ ለይታ ታቀርባለች። ሥራው ይህ ብቻ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ገጽ ጽፋ መጣች። ብዙ ሴቶች ልጆች በተለያየ አባባል ስለ አንድ ነገር እየጻፉ እንደሆነ ለይታለች፦ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር አይዘጋም፤ በወር አበባ ጊዜ ከትምህርት የሚቀሩ አሉ። ይህን በቃል ብናገረው አንድ አቤቱታ ይሆን ነበር። እሷ ግን ስንት ወረቀት በየትኛው ሳምንት እንደመጣ ጽፋበታለች። ወረቀቱን ይዘን ምክትል ርእሰ መምህሩ ጋ ገባን። በሮቹ መቆለፊያ ገባላቸው። ሥርዓተ ፆታ ክበብም የንጽሕና መጠበቂያ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን አዘጋጀ።

ያቺ ልጅ እስከ መጨረሻው ማይክ ፊት አልቆመችም። መቆምም አልነበረባትም። 11ኛ ክፍል ስትደርስ ምን ይተላለፍ የሚለውን የምትወስነው እሷ ነበረች። ክበብ ማለት መድረክ ላይ የሚወጣ ልጅ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እንደዚህች ልጅ ያሉትን የሚያጣው ክበብ አብዛኛውን ተማሪ ያጣል።

ሚኒ ሚዲያ ለሚይዝ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ትችት ያለበት ጽሑፍ ሲመጣ ቀድሞ የሚመለከተው ክፍል ይየው። መልስ ለመስጠት ቀን ይሰጠው። ከዚያ ጥያቄውም መልሱም አብረው ይነበቡ። ይህን ሥርዓት ከርእሰ መምህሩ ጋር ዓመቱ ሲጀምር በጽሑፍ ተስማሙ። በመሃል ተነሥታችሁ ለመስማማት ብትሞክሩ ነገሩ ጸብ ይመስላል። የተማሪ ስም ጠርቶ የሚያሾፍ ነገር ግን በምንም መልኩ አይተላለፍ። ለልጆቹ እንደ ቀልድ ይታያቸዋል፤ ስሙ የተጠራው ልጅ ግን በነጋታው ትምህርት ቤት ላይመጣ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የግድግዳ ጋዜጣ አለላችሁ። ለዜና የተጻፈው ወረቀት ላይ ተለጥፎ ይነበባል። ሞንታርቦ የሌለው ትምህርት ቤትም ከዚህ መጀመር ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ጊዜ። የእኛ ትምህርት ቤት በፈረቃ ነው። የጠዋቱ ልጅ 6 ሰዓት አካባቢ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል። ሁለቱ በር ላይ ይተላለፋሉ እንጂ አይተዋወቁም። አንድ ክበብ ሁለቱንም ፈረቃ እንዴት ይሰብስብ?

የብዙ ሰው መልስ «ቅዳሜ» ነው። ቅዳሜ ለከተማ ልጅ ይመቻል። ከመራዊ፣ ከሐሙሲት ወይም ከዘጌ በኩል መጥቶ ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ግን ቅዳሜ ስንቅ የሚያመጣበት ቀን ነው። ዓርብ ማታ ወይ ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡ ጋ ይሄዳል፤ እሑድ ማታ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውን ተሸክሞ ይመለሳል። ቅዳሜ ስብሰባ ጠርታችሁ «የገጠር ልጆች ተሳትፎ የላቸውም» ማለት ልክ አይደለም። ቀኑ ነው የከለከላቸው። በከተማም ቢሆን ቅዳሜ ጀበና ቡና አጠገብ ሰሐን የምታጥብ፣ ሊስትሮ የሚሠራ፣ እናቱን ጉልት የሚያግዝ ልጅ አለ። እሱንም አስቡት።

እኛ ጥንድ የምንለውን ነገር ያመጣነው ከዚህ ተነሥተን ነው። እያንዳንዱ ሥራ ሁለት ባለቤት አለው፤ አንዱ ከጠዋት ፈረቃ፣ አንዱ ከከሰዓት። ሁለቱ በሳምንት አንድ ቀን በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ይገናኛሉ። ሰላሳ ደቂቃ ይበቃል። የጠዋቷ ልጅ ትንሽ ትቆያለች፤ የከሰዓቱ ልጅ ትንሽ ቀድሞ ይመጣል። ደብተር ይቀባበላሉ። የቀረው ሥራ በየፈረቃው እረፍት ሰዓት ይሠራል። አጠቃላይ ስብሰባ በወር አንዴ ብቻ ነው። እሱንም ረቡዕ አድርገነዋል።

የከሰዓት ፈረቃ ሲወጣ 11 ሰዓት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ሴት ልጆችን ለስብሰባ ማቆየት አይገባም። ቤታቸው እስኪደርሱ ይመሻል፤ ቤት ውስጥም ሥራ ይጠብቃቸዋል። ከምሽት በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ሴት አባላትን በዝምታ ያስወጣል፤ ምክንያታቸውንም አይነግሯችሁም።

ጥንዱ ያልጠበቅነውን ጥቅም ሰጠን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ጥንዶቹ ስልክ ይደዋወሉ ነበር። ማን ወደ ቤተሰቡ እንደሄደ፣ ማን ታሞ እንደነበር፣ ማን ላይመለስ እንደሚችል ከመምህራኑ ቀድመው ያወቁት እነሱ ናቸው። ትምህርት በተቋረጠባቸው ሌሎች ጊዜያትም ይኸው ሆኗል። ስለዚህ የጥንዱን ስልክ ቁጥር ልጆቹ ራሳቸው ደብተራቸው ላይ ይጻፉት። ስልክ የሌለው ልጅ የጎረቤቱን ወይም የአከራዩን ይጻፍ።

ስለ ወላጆችም ላንሣ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ቢሰጋ አልፈርድም። አንድ አባት ቢሮ ድረስ መጥተው «መምህር፣ ልጄን የላክሁት እንዲማርልኝ ነው፤ ክበብ ክበብ እያለ ጊዜው አለቀ» አሉኝ። ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለሁሉም እናገራለሁ። ክበቡ በሳምንት ከሁለት ሰዓት በላይ አይወስድም። ፈተና ያለበት ሳምንት ክበብ ይዘጋል። የ12ኛ ክፍል ልጅ ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ ሥራውን ለታናሾቹ ያስረክባል። ይህን ወረቀት ላይ አድርጌ ፈርሜ ሰጠኋቸው። ወላጅ ገደቡን ሲያይ ይረጋጋል። ገደብ የሌለው ክበብ ግን እውነትም ልጅን ከትምህርቱ ያወጣል፤ እንዲህ ያለ ክበብ አይቻለሁ።

ወደ አካባቢ ጥበቃ ክበብ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሥፍራነት፣ ማለትም ተፈጥሮውና የሰው ኑሮ ተጣጥመው እንዲጠበቁ በሚለይ ቦታነት፣ መዝግቦታል። ሐይቁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ የክበቡ ሥራ ግን በዓመት አንዴ ችግኝ ተክሎ ፎቶ መነሣት ነበር። እምቦጭ ሲወራ ደግሞ ሁሉም ልጅ «እንሂድና እንንቀል» ይላል። ስሜቱን እወድላቸዋለሁ። አረሙ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ሲያስጨንቅ አይተው ያደጉ ልጆች ናቸው። ሆኖም ተማሪን ውሃ ውስጥ አስገብቶ አረም ማስነቀልን እቃወማለሁ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ የሚባል በትል የሚመጣ በሽታ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ቦቲና ጓንት የሌለው ልጅ እዚያ መግባት የለበትም። የተነቀለው እምቦጭም ዳር ላይ ከተተወ ወደ ውሃው ተመልሶ ይበቅላል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከዳርቻው ርቆ መድረቅ አለበት። ይህ የተደራጀ ኃይል ሥራ ነው።

ተማሪ የሚችለውና ማንም የማይሠራው ሌላ ሥራ አለ፤ እሱም መመዝገብ ነው። አንዱ የምንሠራው እንዲህ ነው። ክብ ጠፍጣፋ ሳህን ነጭና ጥቁር ቀብተን፣ መሃሉን በስተን፣ ክብደት አንጠልጥለን በገመድ እናስረዋለን። ገመዱ ላይ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አለ። ጀልባ ከሚነሣበት ቦታ ላይ ሆነን ውሃው ውስጥ እናወርደዋለን። ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት እንጽፋለን። የውሃው ጥራት የሚለካበት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ወጪው የቀለምና የገመድ ብቻ ነው። ሥራው በጥንድ ይሠራል፤ አንዱ ያወርዳል፣ አንዱ ይጽፋል። ሁልጊዜ አንድ መምህር አብሮ ይኖራል፤ ተንሳፋፊ ሰደሪያ ከጀልባ ባለቤቶች እንዋሳለን።

ክረምት ሲወጣ ውሃው ደፍርሶ ገመዱ ትንሽ እንደወረደ ሳህኑ ይጠፋል። ልጆቹ «ለምን?» ይላሉ። ያኔ ትምህርቱ ይጀመራል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከደጋው አፈር ተሸክመው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ እርሻቸው ጉማራ ዳር ነው። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ የኛ አፈር ነው ማለት ነው?» ሲለኝ የጂኦግራፊ መጽሐፉ ያላስተማረውን ሲማር አየሁ። እሱ ነው በኋላ አባቱ ማሳ ላይ እርከን ስለመሥራት ለክበቡ ያስረዳው። የዩኒቨርሲቲ መምህራንም መዝገብ ይዛችሁ ስትሄዱ ያናግሯችኋል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሠራ የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከል አለው። ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ «ደግፉን» ከምትሉ፣ የዓመት ልኬት ይዛችሁ «ይህን እንዴት እንረዳው?» በሉ።

ችግኝን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው። በሐምሌ የሚተከለው ሁሉ ጥር ላይ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ውሃ ልታጠጡ ከምትችሉት በላይ አትትከሉ። እያንዳንዱ ችግኝ የጥንድ ስም ይኑረው። ዋንዛና ዝግባ ለግቢ ጥሩ ናቸው። ከጥር እስከ ግንቦት የውሃ ተረኛ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ገንዘብ ሲመጣ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በደረሰኝ ይግባ፤ ወጪው ከሁለት ልጅ ፊርማ ጋር ይውጣ። መምህር በኪሱ አይያዘው።

ሰርተፍኬት ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። «በክበብ ንቁ ተሳትፎ ስላደረገ» የሚል ወረቀት ለሁሉም አንድ ዓይነት ታትሞ ይሰጣል። ለልጁ ምንም አይጠቅመውም። ሥራውን ጻፉለት። «ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየሳምንቱ የሐይቁን ውሃ ጥራት ለክቶ መዝግቧል» በሉ። «የተማሪዎችን አስተያየት ለይታ ለአስተዳደር አቅርባለች» በሉ። ለውጭ ስኮላርሺፕ የሚያመለክት ልጅ ይህን ይጠየቃል። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ ቅጽ ከክፍል ውጭ ለተሠሩ እስከ 10 ተግባራት ቦታ አለው፤ የሚጠይቀውም ምን እንደሠራህና ስንት ሰዓት እንደሠራህ ነው። የደብተሩ መዝገብ ካለ ይህን መሙላት ቀላል ነው።

አንቺ 9ኛ ክፍል የገባሽው ደግሞ፣ ክበብ ስትመርጪ ስሙን አትመልከቺ። «ረቡዕ ላይ ምን እሠራለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ የሚሰጥሽ ክበብ ካለ ግቢ። «እንጠራሻለን» ካሉሽ ሌላ ሞክሪ። ሁሉም እንዲህ ካሉሽ ደግሞ ጸሐፊዋን «መዝገቡን እኔ ልያዝልሽ» በያት፤ ይህን ሥራ እምቢ የሚል ክበብ አላጋጠመኝም። አንድ ክበብ ይበቃል። ሦስት ቦታ የተመዘገበ ልጅ ሦስቱም ጋ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ቀይ መስቀል ክበብ ካለ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናውን አትለፊ፤ አባል ባትሆኚም ጠይቂ። የደም መፍሰስ ማቆምና የተሰበረ እጅ መደገፍ ቤትሽም መንገድ ላይም ያስፈልግሻል።

ለተጠሪ መምህሩ የመጨረሻው ሥራ ሰኔ ላይ ነው። ክበብ በአብዛኛው የሚሞተው ተጠሪው ሲዛወር ወይም የ12ኛ ክፍል ልጆች ሲወጡ ነው። ስለዚህ ፈተና ከመድረሱ በፊት የርክክብ ደብተር ይዘጋጅ። እያንዳንዱ ጥንድ የራሱን ገጽ ይጻፍ። ቁልፉ ማን ጋ ነው? የትኛው ገመድ ተበላሽቷል? ሞንታርቦው ሲበላሽ የሚሠራው ባለሙያ ማነው? ለየትኛው ጉዳይ የትኛው ቢሮ ይኬዳል? ምን ተሞክሮ አልሆነም? ልኬቱ የቱ ደብተር ላይ አለ? አንድ ቅጂ ምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ። ሌላው ለተረካቢዎቹ በፊርማ ይሰጥ። የክረምቱ ችግኝ ተከላ ተረኞችም እዚያው ላይ ይጻፉ። መስከረም ላይ አዲስ መምህር ቢመጣ እንኳ ጥቅምትን ሳይጠብቅ ከዚያ ገጽ ይቀጥላል።